ከኦፈንባክ እስከ ዕፀ ሕይወት

ዓርብ

የምኖረው ጀርመን አገር፣ ኦፈንባክ በምትባል ከተማ ነው። ከፍራንክፈርት ጋር የተጣበቀች ናት። አንዷ የት አልቃ ሌላዋ የት እንደምትጀምር እስከ ዛሬ አልገባኝም። በዳሯ ማይን የሚባል ወንዝ ያልፋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ወንዝ ዳር ተመላልሻለሁ። ልጄን በጋሪ ገፍቻለሁ፣ ስልክ አውርቻለሁ፣ ከሰው ተኳርፌ ብቻዬን ዞሬያለሁ። በዚያው ዳር በአንድ ወቅት ከሦስት ሚሊዮን በላይ የተዘረፈ መጽሐፍ ያለፈበት መጋዘን እንደነበር ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናዚዎች በያዙት አገር ሁሉ የአይሁድን ቤተ መጻሕፍት እየዘረፉ ወደ ጀርመን ያግዙ ነበር። ሁሉንም ለማቃጠል አልነበረም። በ1941 ፍራንክፈርት ላይ አይሁድን "የሚያጠና" ተቋም ከፍተው ስለነበር መጽሐፉን ለዚያ ይፈልጉት ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖቹ የተገኘውን ሰብስበው ኦፈንባክ ውስጥ፣ ማይን ዳር ባለ የኬሚካል ኩባንያ ሕንፃ አከማቹት። ከ1946 ጀምሮ እየለዩ ወደየባለቤቱ መለሱት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወደኛ መቀየሩን ለእናንተ ትቻለሁ።)

ወደ ቤታቸው ከተመለሱት መካከል አምስተርዳም ያለ የአንድ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ነበሩ። ስሙ ኤጽ ሐይም ይባላል። ይህን ስም ሳነብ የያዝኩትን ቡና አስቀመጥኩ። ኤጽ ሐይም። ዕፀ ሕይወት!

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ትማራለች። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሱ ግን በጀርመንኛ ነው። ሰሞኑን ከዲያቆኑ ጋር የተጣላችው በአንድ ነገር ነው፤ ድምፁ አንድ ሆኖ ለምንድነው ሁለት "አ" ያለው? አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ። ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀ፣ ብዙኃኑ ኀ ሲመጣማ ደብተሩን ዘጋች። "አባዬ፣ ይሄ ሰውን ለማሰቃየት ነው" አለችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። በልጅነቴ የኔታን እንዲህ ብዬ ብጠይቅ መልሱ ኩርኩም ነበር።

የመኸር ዕረፍት ሲደርስ "አምስተርዳም እንሂድ" አልኳት። ደስ አላት። ለምን እንደምንሄድ ስነግራት ደስታው ቀነሰ።

ባቡሩ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል። የኛው ኮሎኝ ላይ ቆሞ ቀረና አምስት ሰዓት አለፈው። አምስተርዳም ስንደርስ እየካፋ ነው። የአክስቴ ልጅ እትዬ ጣቢያው ድረስ መጥታ ጠበቀችን። እዚያ አገር ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ቤቷ ስንገባ ሽሮው ይንተከተካል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባላል ባገራችን። ዓርብ መሆኑ ነው እንጂ።

ቅዳሜ

ጠዋት ቡና ተቆልቶ፣ ጫማዬን ሳስር እትዬ ጀበናውን እንደያዘች አየችኝ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"የአይሁዶቹ ቤተ መጻሕፍት።"

"ዛሬ?"

"አዎ፣ ዛሬ።"

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ! ቅዳሜ አይሁድ ቤት ማን ሊከፍትልህ?"

ልጄ ሳቀች። እኔም መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ። እስቲ አስቡት። ቀዳሚት ሰንበት ከምትከበርበት አገር የወጣ ሰው፣ የአይሁድን ቤት ለማየት ከሌላ አገር ተነሥቶ ሲመጣ ሰንበትን ይረሳል! ስልኬን ከፍቼ አየሁ። ግቢው በሙሉ ቅዳሜ ዝግ ነው። በትልቁ ተጽፏል።

ስለዚህ ሰፈሩን ለማየት ወጣን። ዋተርሎፕላይን የሚባል ፌርማታ ላይ ከሜትሮ ወርደን ትንሽ እንደተራመድን ውሃው ዳር አንድ ሐውልት አለ። ረጅም ካባ የለበሰ ሰው ነው። ካባው ላይ ወፎች ተቀርጸዋል፣ በቀቀንና ድንቢጥ። ፈላስፋው ስፒኖዛ ነው። በ1632 እዚሁ ሰፈር ተወለደ። የተማረው እኛ ልናየው ያልከፈቱልን ቤተ መጻሕፍት ባለበት ትምህርት ቤት ነው። በ1656 ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ሳለ የአይሁድ ማኅበሩ አወገዘው። ውግዘቱ የተነበበው በአጥቢያው ፊት ነው። እንዳትቀርቡት፣ የጻፈውን እንዳታነቡ፣ ከርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳትሆኑ የሚል ነው። ዛሬ እሱ እዚህ ቆሟል፤ ወፍ ትከሻው ላይ። ትምህርት ቤቱ ከጀርባው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ማን ማንን እንዳሸነፈ እኔ እንጃ። ሁለቱም አሉ።

ሬምብራንት የኖረበትን ቤት ከውጭ አይተን አለፍን። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሠዓሊው በዚህ ሰፈር ሲኖር ጎረቤቶቹ አይሁዶች ነበሩ። ከነሱ መካከል መናሴ ቤን እስራኤል የሚባለው ረቢ አምስተርዳም ውስጥ የመጀመሪያውን የዕብራይስጥ ማተሚያ ቤት ያቆመ ሰው ነው፤ በ1620ዎቹ።

ከምኩራቡ አጠገብ ካለው አደባባይ ደግሞ የአንድ ወዛደር ሐውልት አለ። ሰውነቱ ደንዳና፣ እጁ ባዶ። በየካቲት 1941 ጀርመኖች እዚሁ አደባባይ ላይ አይሁድ ወጣቶችን በጅምላ ሲያፍሱ የከተማው ሠራተኛ ሥራ አቆመ። ትራሙ ቆመ፣ ወደቡ ቆመ። በጥይት ነው የተበተነው። ሐውልቱ የዚያ አድማ መታሰቢያ ነው።

ከሰዓት በኋላ የስሞቹን ግንብ አየን። ይህ ቦታ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ።

በ2021 የተመረቀ ነው። ከፍ ያለ የሸክላ ጡብ ግድግዳ ሲሆን እንደ መተላለፊያ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እያንዳንዱ ጡብ ላይ አንድ ስም፣ የልደት ቀን፣ የሞት ዕድሜ። ከኔዘርላንድ ተወስደው የተገደሉ አይሁዶች፣ ሲንቲና ሮማ የሚባሉ ሕዝቦችም። ከ102,000 በላይ ጡብ። ስሙ በፊደል ተራ ስለተቀመጠ ቤተሰብ ከቤተሰቡ አጠገብ ነው። ልጄ በጣቷ እየነካች ትሄዳለች። 67። 34። 8። 2። ከዚያ አንዱ ላይ ቆመች። 11 ይላል። ምንም አላለችም። እጄን ያዘች። እጄን መያዝ ከተወች ዓመት አልፏታል።

ሥራው የአርክቴክቱ የዳንኤል ሊበስኪንድ ነው። ግንቡ ከላይ ሆኖ ለሚያየው አራት የዕብራይስጥ ፊደል ይሠራል። ላሜድ፣ ዛይን፣ ካፍ፣ ሬሽ። ማለትም ለ፣ ዘ፣ ከ፣ ረ። እንዴት ይነበባል ብዬ ሳልጠይቅ አፌ ላይ መጣ። ለዝክር።

ማታ እትዬ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችን። በልተን ተኛን።

እሑድ

ምኩራቡ ተከፈተ። "ኤስኖጋ" ይሉታል በራሳቸው አጠራር። የፖርቱጋል አይሁዶች ምኩራብ ነው። በ1675 ተመረቀ። ትልቅ የጡብ ሕንፃ ነው። ዙሪያውን ዝቅ ያሉ ቤቶች እንደ አጥር ከበውታል።

መግቢያው ላይ በዕብራይስጥ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። አስጎብኚያችን ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ። በጀርመንኛ ነበር የሚነግሩን፣ ለልጄ ብለው። ጽሑፉን በጣታቸው እያሳዩ ቀስ ብለው አነበቡት።

"ቫአኒ ቤሮቭ ሐስዴኻ አቦ ቤይቴኻ።"

ልጄ ጭራሽ ፍርስ አለች። "አቦ" የምትለዋን ቃል የምታውቀው ከአንድ ጓደኛዬ ነው፤ ስልክ ሲያነሳም ሲዘጋም "አቦ!" ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የሰማሁት። ከመዝሙረ ዳዊት አምስተኛው ነው። አባቴ ጎህ ሳይቀድ ዳዊት የሚደግም ሰው ነበር። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። "ወአንሰ በብዝኀ ምሕረትከ እበውእ ቤተከ።" እኔ ግን በምሕረትህ ብዛት ወደ ቤትህ እገባለሁ። ቤይቴኻ፣ ቤተከ።

ድምፄን አውጥቼ በግዕዝ ደገምኩት። አስጎብኚያችን ዞር ብለው አዩኝ። "እስኪ እንደገና" አሉኝ። እንደገና አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አባቷ ሰው ፊት ግዕዝ ሲናገር አይታ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም አይቼ አላውቅም።

ጽሑፉ ውስጥ የተደበቀ ጨዋታም አለ። "አቦ" ማለት "እገባለሁ" ነው። እሱን ቃልና ቀጥሎ ያለውን ፊደል ስትገጥሙት "አቦአብ" ይወጣል። ምኩራቡ እንዲሠራ ሰውን የቀሰቀሰው ረቢ ስም ይስሐቅ አቦአብ ዳ ፎንሴካ ነው። ብራዚል ድረስ ሄዶ ያገለገለ፣ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ረቢ የሚባል ሰው። ሰውየው ስሙን ከዳዊት መዝሙር ውስጥ ፈልቅቆ በር ላይ ሰቀለው። ይሄ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምን ይባላል?

ውስጡ ሰፊ ነው። ወለሉ ላይ አሸዋ ተነስንሷል። ደቃቅ፣ ነጣ ያለ አሸዋ። ለምን ቢሉ የጫማ ጭቃና እርጥበት እንዲይዝ፣ ኮቴም እንዳይሰማ። ስንራመድ ኮሽ አይልም። ኤሌክትሪክ መብራት የለም። ከጣሪያው ትልልቅ የናስ መቅረዞች ተንጠልጥለዋል። ማታ ጸሎት ካለ ወደ አንድ ሺህ የሚሆን ሻማ ይለኮሳል። ቀን ቀን ብርሃኑ ከ72ቱ መስኮቶች ነው የሚገባው። የኦሪቱ ጥቅልል የሚቀመጥበት መንበር ከብራዚል በመጣ ጠቆር ያለ እንጨት የተሠራ ነው። ጦርነቱ ይህን ሕንፃ አልነካውም። ሰዎቹን ነው የወሰደው።

እኔን የገረመኝ አንድ ሰሌዳ ነው። ለንጉሣዊው ቤተሰብ የሚደረገው ጸሎት እስከ ዛሬ በፖርቱጋልኛ ነው። ከፖርቱጋል ከወጡ አራት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ኔዘርላንድ ውስጥ፣ ለኔዘርላንድ ንጉሥ፣ በፖርቱጋልኛ ይጸልያሉ።

ሰኞ

ቤተ መጻሕፍቱ።

በምኩራቡ ግቢ፣ ከዙሪያው ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው። ቀድመን ተመዝግበን ነበር። እኛ፣ አንድ ጥንድ ፈረንሳዮችና የትላንትናዋ ሴትዮ። ደረጃ ወጣን። በር ተከፈተ። ልጄ መጀመሪያ ያየችው መጽሐፉን አይደለም። ጣሪያውን ነው።

ጣሪያው መሃሉ ላይ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ተከፍቷል። ክፍቱ ዙሪያውን የእንጨት መደገፊያ አለው። በሱ በኩል ሌላ ፎቅ ይታያል፤ እዚያም መጽሐፍ። ከዚያ በላይ የመስታወት ጉልላት። ብርሃኑ ከላይ ተንቆርቁሮ ታች ድረስ ይወርዳል። ጥግ ላይ ጠመዝማዛ የእንጨት ደረጃ አለ፣ ጠባብ፣ የእጅ መደገፊያው ስንት ትውልድ እንደዳሰሰው ከልስላሴው ያስታውቃል። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ የመጽሐፍ ጀርባ ነው። ቡናማ፣ ክሬም፣ ጥቁር። ሽታው የሳጥን ሽታ ነው፤ እናቴ ጥበብ ልብስ የምታስቀምጥበት ሳጥን።

በበሩ ላይ ስሙ በዕብራይስጥ ተጽፏል። ልጄን ጠራኋትና ሴትዮዋን ፊደል በፊደል እንዲያነቡላት ለመንኳቸው። "ይሄ ዐይን ይባላል" አሉ በመጀመሪያው ላይ ጣታቸውን አድርገው። "ዐይን ማለት ዓይን ነው" ብለው የራሳቸውን ዓይን ነኩ።

ልጄ አፏን ከፈተች። "ዐይኑ ዐ?"

ቀጠሉ። ጻዴ፤ የኛ ጸ ዘመድ። ከዚያ ሐይምን የሚጀምረው ሔት፤ ሐመሩ ሐ። ልጄን ያስለቀሷት ፊደላት ሁሉ ሁለት ቃል ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። ዕፀ ሕይወትን በትክክል ለመጻፍ ዐይኑን ዐ፣ ፀሐዩን ፀ፣ ሐመሩን ሐ ማወቅ የግድ ነው። እዚህም እንደዚያው። "ታዲያ እናንተ ድምፁን ትለያላችሁ?" ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ሳቁ። ዛሬ ዕብራይስጥ የሚናገረው አብዛኛው ሰው ዐይንን እንደ አሌፍ፣ እንደ አልፋው አ ነው የሚያወጣው። የአምስተርዳም ፖርቱጋሎች ግን ድሮ በአፍንጫ ያወጡት ነበር። "ሽማዕ" የሚለውን ጸሎት "ሸማንግ" ይሉት ነበር። ልጄ "ሸማንግ፣ ሸማንግ" እያለች ክፍሉን ዞረች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ይህ ቤት የሊቃውንት ግምጃ ቤት ሆኖ አልተጀመረም። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ነበር። በ1616 ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አብሮ ተጀመረ። እነማን ነበሩ ተማሪዎቹ? ስፔን በ1492 አይሁዶቿን አባረረች። ብዙዎቹ ፖርቱጋል ገቡ። ፖርቱጋል ደግሞ በ1497 አስገድዳ አጠመቀቻቸው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ውጭ ክርስቲያን፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚችሉትን ያህል አይሁድ ሆነው ኖሩ። ኢንኲዚሲዮን የሚባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት ሲይዛቸው ያስራል፣ ያሰቃያል፣ ያቃጥላል። አምልጠው አምስተርዳም ሲደርሱ ነጻ ናቸው። ግን ዕብራይስጥ አያነቡም። ጸሎቱን አያውቁትም። አያቶቻቸው የሚያውቁትን ከመጽሐፍ ነው መማር የነበረባቸው፤ ጺም ያበቀለ ሰው ከሕፃን ጋር ሀ ሁ ብሎ።

ስለዚህ መጻሕፍቱ በሦስት ቋንቋ ሆኑ። ዕብራይስጥ ለጸሎት፣ ስፓኝኛ ለትርጓሜና ለሥነ ጽሑፍ፣ ፖርቱጋልኛ ለቤትና ለስብከት። ሕፃናቱ ኦሪትን ቃል በቃል ወደ ስፓኝኛ እየፈቱ ነበር የሚማሩት። ያው የኛ የመጻሕፍት ቤት አንድምታ ነው፤ ግዕዙን ማንበብ፣ በአማርኛ መፍታት።

በ1680 ሻብታይ ባስ የሚባል ከፖላንድ ምድር የመጣ መጽሐፍ አዋቂ ይህን ትምህርት ቤት አይቶ በአድናቆት ጽፏል። ልጆቹ ከክፍል ወደ ክፍል በደረጃ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ኦሪት በዜማ፣ ከዚያ ትርጉም፣ ነቢያት፣ በስተመጨረሻ ታልሙድ የሚባለው የሕግና የትርጓሜ መጽሐፋቸው። ስለ መጽሐፍ ክፍሉም ጽፏል። የሚፈልግ ሰው የፈለገውን ያነባል፣ ወደ ውጭ ግን ብዙ ገንዘብ ቢሰጥም አያወጡለትም። ይህን ስሰማ የሰፈራችንን የወመዘክር ጥበቃ አስታወስኩ። ቦርሳህን አስቀምጥ፣ እስክሪብቶህን አስቀምጥ።

ዛሬ ወደ 30,000 የታተመ መጽሐፍና ከ500 በላይ የእጅ ጽሑፍ አለ። ከእጅ ጽሑፎቹ አንጋፋው የ1282 ነው። የሙሴ ማይሞኒደስ የሕግ መጽሐፍ ግልባጭ ነው። እኛ አገር ይኩኖ አምላክ ዙፋን ላይ የነበሩበት ጊዜ ነው።

ዋናዎቹን የእጅ ጽሑፎች መንካት አይቻልም፣ ደግሞም ልክ ናቸው። በስካን ግን ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ላይ ማየት ይችላል። ሴትዮዋ በታብሌት አንዱን ከፈቱልን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፖርቱጋልኛ የተጻፈ። የርዕሱ ገጽ በብዕር ብቻ የተሣለ የአበባ ሐረግ ነው፤ እኛ ብራና ላይ እንደምናውቀው ሐረግ ያለ ነገር፣ ግን ቀለም የለውም፣ ሁሉም በጥቁር። ፊደሉ ደግሞ የማተሚያ ቤት ፊደል ይመስላል። ጸሐፊው ሆን ብሎ ነው እንደ ኅትመት የጻፈው። ሴትዮዋ ምስሉን አጎሉት። አጎሉት። ከዚያ አንድ "ር" ላይ ቀለሙ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሰው ነው! ከገጹ ጀርባ ያለው ጽሑፍም ወረቀቱን በልቶ ወደፊት ብቅ ብሏል። የነሱ ቀለም ብረት ያለበት ነው፣ በጊዜ ብዛት ወረቀት ይበላል። የኛ የብራና ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ እንዲህ አያደርግም። ይህን ስነግራቸው ማስታወሻ ያዙ። ኮራሁ፣ አልዋሽም።

ማተሚያ ቤት በሞላበት ከተማ ለምን በእጅ ይጻፋል? የሚታተም ነገር ስላልነበረ ነው። ብዙዎቹ ከክርስትና ጋር የሚከራከሩ ጽሑፎች ናቸው። ኔዘርላንድ አስጠጋቻቸው እንጂ አስተናጋጇን በአደባባይ እንዲሰድቡ አልፈቀደችም። ስለዚህ በእጅ ይገለበጥና ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ኦሮቢዮ ዴ ካስትሮ የሚባለው ሐኪም ስፔን ውስጥ በኢንኲዚሲዮን እስር ቤት ማቅቆ የወጣ ሰው ነው። የጻፋቸው ክርክሮች እንዲህ በግልባጭ ነው የዞሩት።

ቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ስም አለው፣ ሊቭራሪያ ሞንቴዚኖስ። ዳቪድ ሞንቴዚኖስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤቱ ኃላፊ ነበሩ። በ1889፣ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ፣ በግላቸው ያከማቹትን ወደ 20,000 የሚሆን መጽሐፍና በራሪ ጽሑፍ ለቤቱ ሰጡ። ሃያ ሺህ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ሲከማች ሚስትየው ምን ይሉ ነበር? ይህን ጥያቄ ባለቤቴ ናት የጠየቀችኝ፣ ማታ በስልክ።

ከዚያ የኛ መንገድ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ ናዚዎቹ መጻሕፍቱን ወደ ጀርመን ወሰዱ። በ1946 ተመለሱ። ሴትዮዋ "ኦፈንባክ ከሚባል ቦታ" አሉ፣ የማናውቀው መስሏቸው። ልጄ እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች።

"እኛ እኮ የመጣነው ከኦፈንባክ ነው።"

ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "በምን መጣችሁ?" ብለው ጠየቁ። "በባቡር" አለች። "ዘገየ እንዴ?" "አንድ ሰዓት።" "መጽሐፎቹም ዘግይተው ነበር" አሉ።

መንገዱ ግን በዚያ አላበቃም። ከጦርነቱ የተረፈው ማኅበር ትንሽ ነበር፤ የሚንከባከብ ሰውም ገንዘብም አጠረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዋና ዋናዎቹ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በአደራ ተላኩ። እዚያ ታከሙ፣ ተጠረዙ። በ2000 ወደዚህች ጉልላት ሥር ተመለሱ። በ2003 ዩኔስኮ በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አሰፈራቸው። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ሲያወሩ እኔ ዓይኔ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ ወጣት ተመራማሪ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ፣ እኛ መኖራችንን ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ አንድ ቃል ይፈልጋል።

ማክሰኞ

የመመለሻ ቀን። ጠዋት ጊዜ ስለነበረን ዩኒቨርሲቲው ጋ ያለውን አላርድ ፒርሰን የሚባል ቤተ መዘክር በውጭ በኩል አለፍነው። ሮዘንታሊያና የሚባለው ሌላው የአይሁድ ስብስብ የዩኒቨርሲቲው ነው። የሃኖቨሩ ሊዘር ሮዘንታል ያሰባሰበው ሲሆን፣ ልጁ በ1880 ለአምስተርዳም ከተማ ሰጠው። እሱም ተዘርፎ ጀርመን ደርሶ የተመለሰ ነው። ለመግባት አልደረስንም። ልጄ ዋፍል ይበልጥባት ነበር።

ባቡሩ በሰዓቱ ነበር። ልጄ ካልሲዋን አውልቃ አራገፈች። አሸዋ። እሑድ የገባው አሸዋ እስከ ማክሰኞ አብሯት ከርሟል። "ልንመልሰው ይገባል?" አለችኝ። በአማርኛ ነበር ያለችው። አላመሰገንኳትም፣ እንዳትነቃብኝ።

ቅዳሜ፣ ኦፈንባክ

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በማይን ዳር በእግራችን መጣን። አሸዋ የጫነ ጀልባ ወደ ራይን በኩል ሲወርድ ቆመን አየነው። ብርድ ነበር። ደብተሯን ጠየቅኳት። ዲያቆኑ የቃል ጽሕፈት ሰጥቷቸዋል። ዕፀ ሕይወትን እሷው ናት ያስጨመረችው፣ ሦስቱንም ፊደል አስተካክላ ጽፋዋለች። ከሥሩ ግን ቀይ እርማት በዝቷል። "ዐባት"፣ "ዐንድ"፣ "ዐሸዋ"። አሁን ደግሞ ሁሉንም በዐይኑ መጻፍ ጀምራለች።